የስልክ አስተርጓሚ

ኅዳር ነው በጌንት፤ ካፊያው አልቆመም፣
ብስክሌት በሰንሰለት አጥር ላይ ታስሯል፤ አይከሰስም፣ አይጠየቅም።
ያ የድሮ እስር ቤት ሆቴል ሆኗል ዛሬ፣
ምንጣፉ ከደጅ እስከ አዳራሹ፣ መልኩ ቀይ በርበሬ።
የክፍሎቹ ቁጥር እንደነበረ ነው፤
ትናንት መውጫ የናፈቀ ያደረበትን
ዛሬ በመቶ ሰማንያ ዩሮ ነው ሰው የሚከራየው።

ተሸላሚ ሁለት፦ ሊስቤት ጠበቃዋ፣
በሰው ዕድሜ ክብደት እጀታው የላላ አሮጌ ሻንጣዋ፤
ሌላው ዮሪስ ነው፣ ጡረታ የወጣ ዘብ፣
ማንበብ ለማይችል እስረኛ፣ ፈረቃው አልቆ፣ ደብዳቤ ሲያነብ
ሠላሳ ዓመት ያመሸ።

እኔ ጥግ ላይ ነኝ፣ ማይክ ታጥቄ፣
የሰው ቃል ላሻግር፣ የራሴን ከካፖርቴ ጋር በር ላይ አስጠብቄ።
ለሰዓቱ ሰማንያ አምስት ዩሮ። ደረሰኝ አለው።
ቀን ፕሮግራሙን ሳነብ፣ "እሳት" የሚለው ላይ
ጣቴ ቆሞ ነበር። ግን መጣሁ፤ እንጃ፣ ለምን እንደሆነ።

ስሙ ተጠራ፦ ስንሻው። ነጭ ሸሚዝ፣ ኮሌታው ሰፍቶታል።
"እንደምን አመሻችሁ" አለ። ተረጎምኩ።
በድምፄ ዞረ።

ፊቴን አያውቀውም፤ እኔም የሱን ፊት፣
የተገናኘነው በስልክ ነበረ፣ ከአምስት ዓመት በፊት።
ከሌሊቱ ስምንት፣ እሱ ፖሊስ ጣቢያ፣ እኔ አልጋዬ ላይ፣
ልጄ አተኩሷት፣ ቴርሞሜትር ሳይ።
"መጋዘኑ ውስጥ ስለተነሣው እሳት?" አለ መርማሪው።
እሱም በደከመ ድምፅ፦ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

አማርኛ ሆይ፣ ባንድ ጉሮሮሽ ሁለት በር ያለሽ፣
ውኃ ያፈሰሰውን ክብሪት ከጫረው ለይተሽ ያልነገርሽ!
ባልዲ ይዞ ሮጦ፣ እጁ ተቃጥሎ፣
በኔ አፍ ሲሻገር ገባ ወንጀል አዝሎ።
"ጥፋተኛው እኔ ነኝ" ብዬ ሰጠኋቸው፤
በነሱ ቋንቋ አራት ቃል ነው። ጻፉት። በቃቸው።
ስልኩን ዘጋሁ። ለልጄ ሽሮፕ ሰጠሁ። ተኛሁ።
ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ተኛሁ።

ሊስቤት ናት የድምፁን ቅጂ ያስከፈተችው፣
ቃሌን በሌላ ጆሮ ያስመዘነችው።
ዶሴው ላይ ስም የለኝም፤ ቁጥር ነኝ እንደ ክፍሎቹ፦
አስተርጓሚ፣ ሃያ ሁለት አሥራ ሰባት።

አሁን አየኝ። ሹካዎች ቆሙ።
ልቡ ተነክቶ ነው ብለው እንግዶቹ ዝም አሉ፤
አንዷማ ቀድማ ዕንባዋን ጠረገች።
ድሮ ባገራችን ከሳሽ ከተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው
ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ይሄዱ ነበር፣ አብረው በልተው፣ አብረው አድረው።
ቁራኛ።
ማይኩ ገመድ የለውም፤ እኛ ግን ነበረን።

ቀጠለ፤ ለኔ እንደሚያጎርስ፣ በልክ በልኩ እየቆረሰ፦
"በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ትሂድ፤
ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ናት የምታሳዝነኝ።"
በቅሎዋን አሻገርኩ። ጭብጦ ላይ ቆምኩ።
"ቁራሽ ዳቦ" አልኩ። አነሰች።

"ያን ሌሊት በስልክ ያስተረጎመችልኝ..." አለና ውኃ ጠጣ።
"እሷም እንቅልፍ አልነበራትም።
ከጀርባዋ ሕፃን ሲያለቅስ እሰማ ነበር።"
ይህንንም ተረጎምኩት፤ "እሷ" እያልኩ፣
ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ጭብጨባ ሆነ። ጨረታ ሆነ፦ የክፍል ዐሥራ አንድ ቁልፍ
በአራት ሺህ ዩሮ ተሸጠ፤ የሚከፍተው በር የለም።
ፖስታ ሲዞር የሰዓቴን ዋጋ ከተትኩ፣
ደረሰኙንም አብሬ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ካፖርት መስቀያው ጋ ጠበቀኝ።
"ልጅሽ ዳነች?"
"ዳነች። ሰባት ዓመቷ ነው።"
"ተመስገን" ብሎ ወደ ካፊያው ወጣ፣ ጠባሳ እጁን ኪሱ ከቶ።

ማስታወሻዬን የረሳሁት ጥጉ ላይ ነበር፤ ተመለስኩ፣
ያበራልኝን ትንሿን መብራት ተጫንኳት።
"ማነው?" አለ ጥበቃው ከጨለማው ማዶ፣ "መብራቱን ማነው?"
በሱ ቋንቋ ልመልስ ነበር፤ ቃሉን አውቀዋለሁ።
በራሴ ወጣ፦
እኔ ነኝ።
እኔ ነኝ ያጠፋሁት።